ከ«ጆሹዋ» ምን ተራገፈ?

የባሕር ጉዞ መጽሐፍ ስናነብ ልባችን በጸሐፊው ይማረካል፤ የተሸከመችውን ጀልባ ግን እንዘነጋለን። ፈረንሳዊው መርከበኛና ደራሲ በርናር ሞዋቴሲዬ በ1971 «ረጅሙ መንገድ» የተሰኘ መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አድናቂዎቹ የሚያወሱት ነፃነቱን ነው። እኔ ግን ያ ነፃነት ምን እንደነበረና በማን ኪሳራ እንደተገኘ ከመጽሐፉ ይልቅ ጀልባዪቱ ትመሰክራለች ባይ ነኝ።

ሞዋቴሲዬ አስቀድሞ ሁለት የእንጨት ጀልባዎችን አጥቷል፤ አንዲቱን በ1952 በሕንድ ውቅያኖስ በቻጎስ ደሴቶች፣ ሁለተኛዪቱን በ1958 በካሪቢያን ባሕር። ሦስተኛዪቱ ግን ከአረብ ብረት ተሠራች። ንድፏን ያወጣው ዣን ክኖከር ሲሆን የሠራት ዣን ፍሪኮ ነው። ፍሪኮ ከባሕር እጅግ በራቀችው በሾፋይ ከተማ የሚኖር የብረት ሥራ ባለሙያ ነበር። የብረቱን ዋጋ ብቻ ተቀብሎ ሊሠራለት ፈቀደ። በ1962 ሥራዋ የተፈጸመው ይህች 12 ሜትር ገደማ የምትረዝም ጀልባ ስሟን የወሰደችው ከ1895 እስከ 1898 ዓለምን በሸራ ጀልባ ብቻውን ከዞረው የመጀመሪያ ሰው፣ ከጆሹዋ ስሎከም ነው።

ትጥቋ የድኻ ትጥቅ ነበር። የሸራ ምሰሶዎቿ የስልክ እንጨቶች ናቸው፤ ምሰሶዎቹን ወጥሮ የሚይዘውም እንዳይዝግ ዚንክ የለበሰ ተራ የብረት ገመድ ነው። ማዕበል ሲበረታ መሪውን ከውስጥ ሆኖ ለመያዝና ባሕሩን ለመቃኘት ትንሽ የብረት ጉልላት ተተከለላት። ሞዋቴሲዬና ባለቤቱ ፍራንሷዝ በዚህችው ጀልባ ከታሂቲ አካባቢ ተነሥተው፣ በኬፕ ሆርን በኩል አልፈው፣ በ126 ቀናት ያለ አንዳች ማረፊያ በ1966 ስፔን ደረሱ። የብረቱ ጽናት የተፈተነው በዚህ ጉዞ ነው፤ በፈተናውም ፍራንሷዝ ነበረችበት።

በ1968 ዓለምን ብቻውን ያለ ማረፊያ ለሚዞር ሰው የእንግሊዙ ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ሽልማት አቀረበ። ሞዋቴሲዬ ለዚህ ሲሰናዳ ዕቃ ከመጨመር ይልቅ አራገፈ፤ ሞተሩን አወጣ፣ የመልሕቅ መጎተቻውን ነቀለ፣ ትንሿን ታንኳ ተወ። የሬዲዮ መልእክት ማስተላለፊያ ቢሰጠውም አልቀበልም አለ። በምትኩ የመረጠው ወንጭፍ ነው፤ መልእክቱን ወደሚያልፉ መርከቦች በእርሱ ይወነጭፍ ነበር። በማርች 1969 በኬፕ ታውን አጠገብ የተወነጨፈው መልእክት ውድድሩን ትቶ ወደ ፓሲፊክ እንደሚቀጥል የሚገልጽ ነበር። ከአሥር ወራት የባሕር ጉዞ በኋላ በጁን ታሂቲ ደረሰ። ከዘጠኙ ተወዳዳሪዎች ጉዞውን የፈጸመው በእንጨት ጀልባው የተመለሰው ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን ብቻ ነው።

ለብዙ አንባቢ ይህ የመራገፍ ታሪክ ነው፤ ሞተሩ፣ ሽልማቱ፣ ዝናው ሁሉ የተጣለበት። ሞተርን ማውረድ በእርግጥ ጥበብ ነው፤ አላስፈላጊውን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ የሚያውቅ ጸሐፊ ይረዳዋል። ነገር ግን ባለቤቱ በፈረንሳይ ትጠብቀው ነበር። እርስዋን ከመልሕቅ መጎተቻው ጋር በአንድ መዝገብ ጽፈን፣ ሁሉንም «ሸክም» ብለን ስናደንቅ ማድነቃችን ግፍ ይሆናል። ከባዱ ብረት ራሱ ሸክም አልነበረምን? እርሱን ግን አልተወውም፤ ሕይወቱን የጠበቀው እርሱ ነውና። ስለዚህ መራገፍ በራሱ ነፃነት አይደለም፤ መመዘን ያለበት የተጣለው ነገር ምንነት ነው።

ብረትም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ካልፋቁትና ካልቀቡት በዝገት ያልቃል። «ጆሹዋ» በዲሴምበር 1982 በሜክሲኮ፣ በካቦ ሳን ሉካስ ዳርቻ በማዕበል ተመትታ በአሸዋ ተቀበረች፣ ምሰሶዎቿም ወደቁ። ሞዋቴሲዬ አሳልፎ ሰጣት፤ ሌሎች ግን ከአሸዋው አውጥተው ጠገኗት። በ1990 የላ ሮሼል የባሕር ሙዚየም ገዛት፤ በ1993 በፈረንሳይ የታሪክ ቅርስነት ተመዘገበች። ዛሬ ቀይ አካሏን የምናየው እርሱ የተዋትን ያነሡ፣ ዝገቷን የፋቁ እጆች ስለነበሩ ነው። ስማቸው በ«ረጅሙ መንገድ» ውስጥ የለም። መጽሐፉን ዳግመኛ የምታነቡ ሁሉ እነርሱንም፣ ፍሪኮንም፣ ፍራንሷዝንም ታስቡ ዘንድ እጠይቃለሁ።