በዓይን እንጂ በእጅ አይደለም

ነሐሴ ሲጋመስ ልጆቹን ይዤ ሆለታ አካባቢ ወደሚኖሩት ወላጆቼ ሄድኩ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከመነሳታችን በፊት ሊያያቸው የሚፈልጋቸውን እንስሳት በደብተሩ ላይ ዘርዝሯል፤ እስስት፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ኤሊ፣ እባብ። ገበሎ አስተኔና እንቁራሪት አስተኔ የሚባሉትን በትምህርት ቤት ከተማረ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እኔም አፌን ሞልቼ «እዚያማ ሞልቷል!» ብዬ ቃል ገባሁ።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ወጥተን ሁለት ሰዓት ያህል ብንዞር ከጭቃ በቀር ያገኘነው ነገር የለም። ስንመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁብን።

«በዚህ ብርድ ማን ይነሳል ብላችሁ ነው? እነሱ እንደ እናንተ ቁርስ በልተው አይሞቁም። ፀሐይ ትውጣላቸው እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። ገበሎ አስተኔዎች የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከውጭ ነው። ረፋድ ላይ ደመናው ገለጥ ሲል፣ ጠዋት ባዶ ያየነው ካብ ላይ እንሽላሊቶች ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ለካስ ጥፋቱ የሰዓት ነበር።

እስስትን ደግሞ አባቴ በማታ ነው የሚፈልጓት። እራት ከበላን በኋላ ባትሪ አስይዘው ወደ ቁጥቋጦው ወሰዱን። እስስት ስትተኛ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ትወጣለች፤ ቆዳዋም ስለሚነጣ በባትሪ ብርሃን ከቅጠሉ ተለይታ ትታያለች። ቀን ብንፈልጋት በአጠገቧ አልፈናት እንሄድ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ወደዚያው ቁጥቋጦ ተመልሰን ስናያት አንዱ ዓይኗ ወደ እኛ፣ ሌላው ወደ ዝንቧ ይዞራል። አምስት ዓመት የሆናት ትንሿ ልጄ «አባባ፣ ሁለቱንም በአንዴ ታያለች እንዴ?» ብላ አያቷን ጠየቀች። አዎ፣ የእስስት ዓይኖች ለየብቻ ይዞራሉ። መልኳን የምትለውጠውም ለመደበቅ ብቻ አይደለም፤ ሲበርዳት፣ ስትቆጣ፣ ሌላ እስስት ስታይም ይለወጣል።

እንቁራሪት የሚፈለገው በጆሮ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ ጅረቱ ወርደን ዝም ብለን ቆምን። መጀመሪያ ሲሰሙን ጸጥ አሉ። አምስት ደቂቃ ያህል ሳንንቀሳቀስ ስንቆይ አንዷ ጀመረች፤ ከዚያ ሁሉም ተቀበሏት። አገራችን ከ60 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች አሏት፤ ከእነዚህም ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በሌላ አገር አይገኙም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ይል ነበር። ስህተቴን ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

ልጆቹ እንዳይፈሩ ብዬ «እስስት ምንም አታደርግም፣ እንቁራሪትም ምንም አታደርግም» ስላቸው ሰንብቻለሁ። ልጄ ይህን ሰምቶ ሁሉም ምንም አያደርግም ብሎ ደምድሟል። ከካቡ ሥር በባዶ እጁ ድንጋይ ሲገለብጥ ደረስኩ። ከሥሩ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከልጁ ጣት እስከ እባቡ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እኔ መጮህ እንኳ አቃተኝ።

አባቴ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ነው የደረሱት። «የኔ ልጅ፣ ባለህበት ቁም። እጅህን ሰብስብ። አሁን ወደ ኋላ፣ ቀስ ብለህ» አሉት። ልጁ ታዘዘ። እባቡ ተፈትቶ ወደ ካቡ ውስጥ ገባ። የጎረቤት ልጅ ዱላ ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ አባቴ ግን «ተወው፣ ቤቱን ያፈረስንበት እኛ ነን» ብለው መለሱት።

ማታ ሁለታችን ብቻ ስንቀር እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ያየሁትን እባብ ሁሉ ስገድል ነው የኖርኩት። ዛሬም ይህ ልጅ ባያየኝ ዱላውን እኔው እቀበለው ነበር።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ ለእኔ ያወረሱኝ ፍርሃት ነበር። እኔ ደግሞ ፍርሃቱን ከልጄ ላይ አንስቼ በምትኩ ምንም አላስቀመጥኩም። ጠዋት ሦስታችን ተቀምጠን ሕግ አወጣን፤ በዓይን እንጂ በእጅ አይደለም። ድንጋይ ወይም እንጨት የሚገለብጠው አዋቂ ነው፤ እሱም በረጅም ዱላ ወደ ራሱ ስቦ እንጂ በእጁ አይደለም፤ የተነሳውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሣር ውስጥ ሲገባ ቦቲ ጫማ፣ ማታ ባትሪ። እጅ ጉድጓድና የማገዶ ክምር ውስጥ አይገባም። ዓይነቱን የማናውቀው እባብ ሁሉ መርዛም ነው ብለን እንርቃለን። እንቁራሪትም አትነካም፤ ውሃና አየር በቆዳዋም ስለምታስገባ እጃችን ላይ ያለው ቅባትና ሳሙና ይጎዳታል። ማንም ረስቶ ከነካ ዓይኑንና አፉን ሳይነካ በሳሙና ይታጠባል።

ክፉ አይንካችሁና እባብ ቢነክስ፣ ልጁን አረጋግቶ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር እንዳያንቀሳቅስ ማድረግ፣ ቀለበት፣ አምባርና ጫማ ማውለቅ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። እባቡን ለመያዝ መሯሯጥም ሌላ ሰው ያስነክሳል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ ደብተሩን አወጣ። ኤሊ ሳትታይ ቀርታለች፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ የምንወርድበትን ቀን ትጠብቃለች። በእባብ ትይዩ ግን በእርሳስ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አየሁት። አልነካሁትም። አባባም አልገደለውም።»

መልካም የዕረፍት ጊዜ!