ኮዴይንና የእኛ ጉበት

ልጅ ሌሊቱን ሲያስል ሲያድር፣ ወይም የቶንሲል ኦፕሬሽን ተሠርቶ ሲያለቅስ፣ ጎረቤት ከመሳቢያዋ አውጥታ «ይቺን ስጪው፣ ለኔ ልጅ ጠቅማዋለች» የምትለው መድኃኒት አይጠፋም። ደግነቷ አያጠያይቅም። ኮዴይን ካለበት ግን ለልጅ አትስጡ።

ለምን መሰላችሁ? ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ለዋጩ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው (ስሙን ተዉት፣ ሥራውን ያዙ)። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደግሞለት፣ እንዲያውም ተደጋግሞለት ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሰው ጉበቱ ፈጣን ስለሆነ ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ይመረታል። ለሌላው ልጅ ልክ የሆነው ማንኪያ ለእሱ ትንፋሽ የሚያቆም ሊሆን ይችላል።

እና ይሄ ነገር እኛን በተለይ ይመለከታል። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 29ኙ ይህ የተደገመ ጂን ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ከመቶ ከ1 ወይም ከ2 ብዙም አይበልጥም። በ2002 ደግሞ አገር ቤት ያሉትንና ስዊድን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን አነጻጸሩ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ የአገር ቤቶቹ ኢንዛይም ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን ወደ ምግብና ወደ አካባቢ ቀሰሩ። ስለዚህ «አዲስ አበባ ስወስደው ምንም አላለኝም» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ክላርክስተን ላይ ዋስትና አይሆንም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ለሕመምም ሆነ ለሳል ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ ወስኗል። ትራማዶልንም ለዚህ ዕድሜ ከልክሏል። የምታጠቡ እናቶችም ሁለቱን አትውሰዱ፤ ሞርፊኑ በወተት ያልፋል። ታይለኖል ብቻ የሚለው ኮዴይን የለበትም፤ ቁጥር 3 የሚባለው ግን አለበት።

ጽሑፉ ካስቸገራችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ፋርማሲስቱን «ኮዴይን አለበት ወይ?» በሉት። ሐኪም ቤት ስትሄዱ አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የእናቱን መድኃኒት ማስተርጎም የለበትም። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ጠርሙስ ላይ እነዚህን ሁለት ስሞች ካያችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ እሱ ይበቃል።

ልጁ ወስዶት ከሆነና ደህና ከሆነ፣ በ1-800-222-1222 ለመርዝ መረጃ ማዕከል ደውሉ፤ በነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። ከወትሮው በተለየ እንቅልፍ ከጣለው፣ ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ካንኮራፋ፣ ሕፃን ከሆነም ጡት መሳብ ካቃተው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ 911 ደውሉና ጠርሙሱን አዘጋጁ።