ፔንና ምዕራብ ፊላደልፊያ፦ ሰፈሩ ዳነ ወይስ ተቀየረ?

አንደኛው ጸሐፊ፦ ሰፈሩን ያዳነው አጋርነቱ ነው

የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ፔን፣ ከፊላደልፊያ መሀል ከተማ ተነሥቶ ከስኩልኪል ወንዝ ማዶ ወደ ምዕራብ ፊላደልፊያ የተሻገረው በ1872 ነው (በዚህ ሙግት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ፋብሪካዎቿን አንድ በአንድ ስታጣና አቅም ያለው ነዋሪ ወደ ዳርቻው ሲፈልስ፣ ምዕራብ ፊላደልፊያ ባዶ ቤትና የተዘጋ ሱቅ የሚበዛበት ሰፈር ሆነ። ፋብሪካ ካልተመቸው ማሽኑን ነቅሎ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ግን ሆስፒታሉን፣ ቤተ ሙከራውንና ቤተ መጻሕፍቱን ተሸክሞ የትም አይደርስም። ሰፈሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ዩኒቨርሲቲው ከሰፈሩ ጋር የመሠረተው አጋርነት የተወለደው ከዚህ ጭንቅ እንጂ ከደግነት አይደለም፤ የጠነከረውም ለዚሁ ነው፤ ደግነት ቶሎ ይደክማል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሴሚናር ነው። በ1985 የወቅቱ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሼልደን ሃክኒ፣ የታሪክ ምሁሩ ሊ ቤንሰንና አይራ ሃርካቪ አብረው ባስተማሩት ኮርስ፣ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲውንና የጎረቤቶቹን ግንኙነት እንዲያጠኑ ተደረገ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የከተማዋ ፖሊስ፣ በምዕራብ ፊላደልፊያ ሙቭ የተባለ ቡድን አባላት በሚኖሩበት ቤት ላይ ከሄሊኮፕተር ቦምብ ጣለ። አምስት ልጆችን ጨምሮ 11 ሰዎች ሞቱ፤ እሳቱ 61 ቤቶችን አጋየ። ተማሪዎቹ በወረቀት ላይ የነደፉት የወጣቶች የሥራ ፕሮግራም በዚያ ክረምት፣ ከቃጠሎው ሥፍራ ብዙም በማይርቅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። እንቅስቃሴው በ1992 ቋሚ ማዕከል ሆነ፤ ከ2007 ወዲህ የኔተር ማዕከል ይባላል።

ማዕከሉ ከተለመደው የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚለየው፣ አገልግሎቱን ከትምህርቱ ጋር አንድ በማድረጉ ነው። ተማሪው ቅዳሜ ወጥቶ ግድግዳ ቀብቶ የሚመለስበት ዘመቻ አይደለም። መምህሩ ኮርሱን የሚያዋቅረው በሰፈሩ አንድ ችግር ዙሪያ ሲሆን፣ ውጤትም የሚያዘው በዚያው ነው። የሥነ ሰብእ ምሁሩ ፍራንሲስ ጆንስተን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተርነር መካከለኛ ትምህርት ቤት የጀመሩት የሥነ ምግብ ኮርስ ጥሩ ማሳያ ነው። የፔን ተማሪዎች ልጆቹን መዝኖና ለክቶ መሄድ ብቻ እንደማይበቃ ሲረዱ ሥራው መልኩን ቀየረ። ልጆቹ ራሳቸው ጠያቂና መዝጋቢ ሆኑ። በግቢያቸው አትክልት መትከልና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ፍራፍሬ በጠረጴዛ ዘርግቶ መሸጥም የሥነ ምግብ ትምህርቱ አካል ሆነ። ፖምና ብርቱካን የዘረጋ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ የሚማረው መልስ እየቆጠረ ነው። ሰፈሩ በዙሪያው የሚያገኘው በአብዛኛው ቺፕስና ለስላሳ የሚሸጥ የማዕዘን ሱቅ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ምዕራፍ በጁዲት ሮዲን የፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ ከ1994 እስከ 2004 ድረስ ነው። በ1996 መኸር አንድ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ከካምፓሱ ብዙም ሳይርቅ ተገደለ፤ ወላጆች ደነገጡ፣ ሠራተኛውም መሸሽ ጀመረ። ፔን ሁለት ምርጫ ነበረው፤ አጥሩን ማስረዘም ወይም ሰፈሩን ማቃናት። ሁለተኛውን መረጠ። በ1997 የመንገድ ጽዳትና ጥበቃ የሚያካሂድ የአካባቢ ድርጅት ተቋቋመ፤ በየበረንዳው መብራት ተተከለ፤ ሠራተኞች በሰፈሩ ቤት ገዝተው እንዲገቡ ገንዘብ ተሰጣቸው፤ የዩኒቨርሲቲው ግዥ በተቻለ መጠን ወደ ምዕራብ ፊላደልፊያ ነጋዴዎች እንዲዞር ተደረገ። በ40ኛው መንገድ ላይ ትኩስ አትክልት የሚሸጥ ትልቅ ሱፐርማርኬት ተከፈተ። በ1980ዎቹ መምጣት የጀመሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በባልቲሞር ጎዳናና በ45ኛው መንገድ አካባቢ የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችም ከዚህ ገበያ ተጠቃሚ ናቸው። ተማሪው እንጀራ መጉረስ የለመደው እዚያ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው በ2001 የተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ፔን ከከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ተስማምቶ ያቋቋመው ሲሆን፣ በ1921 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በምጣኔ ሀብት ዶክትሬቷን ባገኘችው በሴዲ ታነር ሞሴል አሌክሳንደር ስም ተሰይሟል። በዚህ የትምህርት መስክ ለዚህ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት እሷ ናት። ትምህርት ቤቱ ክፍያ የማይጠይቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ፔን በእያንዳንዱ ተማሪ ስም በየዓመቱ ድጎማ ይጨምርለታል። ሀብታም ዩኒቨርሲቲ ለመምህራኑ ልጆች የግል ትምህርት ቤት መገንባት ይቀለው ነበር። በሩ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ የተከፈተው በምርጫ ነው።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ መሬቱ ላይ አጋርነት ኖሮ አያውቅም

ታሪኩን ከ1985 መጀመር ይመቻል፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ያለው ሩብ ምዕተ ዓመት ይዘለላል። ከካምፓሱ በስተሰሜን ብላክ ቦተም የሚባል፣ አብዛኛው ነዋሪው ጥቁር የሆነ ሰፈር ነበር። በ1959 ፔንና ጎረቤት ተቋማቱ የምዕራብ ፊላደልፊያ ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያው ዓመት የወጣ የፌዴራል የቤቶች ሕግ፣ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው መሬት ለመግዛት ያወጣውን ገንዘብ ከተማው ለመልሶ ማልማት ማዋጣት ካለበት ድርሻ እንዲቆጠር ፈቀደ። ከተማው ኪሱን ሳይነካ የፌዴራል ገንዘብ አገኘ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ መሬት አገኙ። የተጎዳው በሒሳቡ ውስጥ ያልተቆጠረው ነዋሪ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ ሦስተኛው ክፍል ተብሎ በካርታ በተከለለው ቦታ ከ2,500 በላይ ሰው ተነሣ። በቦታውም የሳይንስ ማዕከል ሕንፃዎችና ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠሩ።

የልማት ተነሺ ምን እንደሚያጣ ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ካሳው ለግድግዳው ይከፈላል፤ ለዕድሩ፣ ለደንበኛው ባለሱቅና ልጅ ለሚጠብቀው ጎረቤት የሚከፈል ተመን የለም። የብላክ ቦተም ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በፌርማውንት ፓርክ ይሰባሰባሉ። አያቶች ለልጅ ልጆች የሚያሳዩአቸው ቤት ስለሌለ የመንገዱን ቁጥር ይጠሩላቸዋል። ሰፈራቸው ዛሬ የሚኖረው በዚያ መስክ ላይ፣ በዓመት አንድ ቀን ነው።

የያኔዎቹ ተማሪዎች ይህን አይተው ዝም አላሉም። በየካቲት 1969 በዩኒቨርሲቲው ዋና አስተዳደር ሕንፃ ስድስት ቀን ተቀምጠው፣ ለተነሡት ሰዎች ምትክ ቤት እንዲሠራ ጠየቁ። ተቃውሞው ያበቃው አራት ወገኖች፣ ማለትም ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የቦርድ አባላትና የሰፈሩ ተወካዮች፣ የመሬቱን ጉዳይ አብረው የሚመክሩበት ኮሚሽን ይቋቋማል በሚል ስምምነት ነበር። እውነተኛ አጋርነት ይህ ነበር፤ ሰፈሩ በውሳኔው ጠረጴዛ ላይ ወንበር ያገኘበት። ኮሚሽኑ ግን የራሱ ገንዘብ ስላልነበረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰመ። ምትክ ቤቱም ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

የ1985ቱ ሴሚናር ያነሣው ጥያቄ መልካም ነው፤ የፍራፍሬው ጠረጴዛም እንዲሁ። ይሁንና የክፍል ውስጥ አጋርነት በመሬት ላይ ላለው አጋርነት ምትክ ሆኖ መቅረቡ ስህተት ነው። ተማሪው በየሴሚስተሩ ይቀየራል፤ ጥናቱን ያቀርባል፣ ውጤቱን ይወስዳል፣ በአራት ዓመት ይመረቃል። የተጠናው ሰፈር ግን ሌላ ተማሪ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀው ይኖራል። ከሙቭ ቃጠሎ ጋር ተያይዞ የተነሣው የአጋርነት ታሪክ የማይናገረው አንድ ነገርም አለ። በዚያ ቀን ከሞቱት ሰዎች የአንዱ ሳይሆን አይቀርም የተባለ አጽም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተቀምጦ፣ ቤተሰብ ሳይጠየቅ ለማስተማሪያ ሲያገለግል መቆየቱ በ2021 ይፋ ወጣ፤ ሙዚየሙም ይቅርታ ጠየቀ። የሰፈሩን ወጣቶች ለሥራ ያሰማራው ተቋም የሰፈሩን ሰው አጽም በግቢው አኑሮ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው ቢባልም ግቢው አንድ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመጣ፣ ድጎማው ትምህርት ቤቱ ተማሪ በሚቀበልበት ክልል የቤት ዋጋን አናረ። ልጅን እዚያ ለማስገባት በክልሉ መስመር ውስጥ መኖር ግድ ስለነበር፣ መስመሩ ራሱ ገበያ ሆነ። በጥር 2013 ወላጆች ማክሰኞ ለሚጀመረው የመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ ከዓርብ ጀምረው በብርድ፣ ታጣፊ ወንበር ይዘው በበሩ ተሰለፉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰልፉን በትኖ ዕጣ ለማውጣት ተገደደ። በዚያው ዓመት ብላክ ቦተም ፈርሶ የተሠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገንዘብ እጥረት ተዘጋ። መሬቱ ተሸጠ፣ ሕንፃውም ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የምርምር ሕንፃዎችና አፓርታማዎች ይታያሉ። ሰው ተነሥቶ የተሠራ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መሬቱ ለምርምር ሲውል፣ የተነሺው የልጅ ልጅ ምን አገኘ?

የግብሩም ነገር አለ። ፔን ለትርፍ የማይሠራ ተቋም ስለሆነ ለትምህርት በሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ላይ የንብረት ግብር አይከፍልም። በፊላደልፊያ ደግሞ ከዚህ ግብር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚሄደው ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። ግዙፉ ባለይዞታ ሳይከፍል በቀረ ቁጥር፣ ጣሪያው የሚያፈሰው የሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት ነው። አንድ ትምህርት ቤትን በድጎማ ማስጌጥ ለቀሩት አይደርስም።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

የብላክ ቦተም በደል አይካድም። ሆኖም በዚያ ዘመን የተፈጸመው የፌዴራል መንግሥት በመላ አገሪቱ ያራመደው የማፍረስ ፖሊሲ ውጤት ነው፤ የ1985ቱ ሥራ ደግሞ የዚያ ፖሊሲ ተቃራኒ ሆኖ የተጀመረ ነው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ ማስፈር የታረመውን ካልታረመው ጋር ያስተካክላል። የግብሩን ጉዳይ በተመለከተ፣ ፔን በኅዳር 2020 ለከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በአሥር ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ ገንዘቡ የሚውለው በአሮጌ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ያለውን አዝቤስቶስና እርሳስ ለማጽዳት ነው። ይህ ለአንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን ለከተማው ትምህርት ቤቶች የተሰጠ ነው። ደግሞም ዩኒቨርሲቲ የሌላቸው የሰሜን ፊላደልፊያ ሰፈሮች ፋብሪካቸው ከተዘጋ በኋላ ማን ደረሰላቸው? የኪራይ መናር መከራ ነው። ሰው ሁሉ ጥሎት የሄደ ጎዳና ግን ለድኻም አይበጅም።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

የ100 ሚሊዮኑ ቃል የተገባው መምህራንና ሠራተኞች፣ ተማሪዎችም ጭምር፣ ተቋሙ በግብር ፋንታ እንዲከፍል በይፋ ዘመቻ ካደረጉ በኋላ ነው። ግብር ሕግ ነው፣ በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ ስጦታ ግን መጠኑንና ዕድሜውን የሚወስነው ሰጪው ነው። አጋር የሚባል ሰው ደግሞ የሌላውን ድርሻ ብቻውን አይተምንም።

የቀረው በ40ኛውና በማርኬት ጎዳና ማዕዘን ላይ የሆነው ነው። በጥንቱ ብላክ ቦተም መሬት ላይ በ1980ዎቹ የተሠሩ 70 ያህል የድጎማ ቤቶች ነበሩ። በ2021 ባለንብረቱ ከመንግሥት ጋር ያለውን ውል እንደማያድስ አስታወቀ። ቦታው የፔን አይደለም፤ ለመሸጥ ያጓጓው ዋጋ ግን በዙሪያው ካለው የዩኒቨርሲቲ መስፋፋት የመጣ ነው። በ2022 ክረምት ነዋሪዎቹ በግቢያቸው ድንኳን ተከሉ፤ የፔንና የጎረቤቱ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አብረዋቸው ሰነበቱ። በነሐሴ ወር ተማሪዎች ጉዳዩን ወደ ፔን የአዲስ ገቢዎች የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ይዘው ገብተው የፕሬዚዳንቷን ንግግር አቋረጡ። ይህ ኮርስ አልነበረም፤ ውጤትም አልተያዘበትም። በ2023 ከተማው ከባለንብረቱ ጋር በደረሰበት ስምምነት ለነዋሪዎቹ 3.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል፣ ከመሬቱም አንዱ ክፍል ተከፍሎ አቅማቸው ለማይፈቅድ ሰዎች ቤት እንዲሠራበት ተወሰነ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ግን ያኔ ቤቱን ለቀው ወደ ሌላ ሰፈር ተበትነው ነበር።