የትራፊክ አደጋ ተጎጂዎች ካሳና በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የሚያልፈው ጊዜ

በተሽከርካሪ አደጋ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ የማግኘት መብት በአገራችን ሕግ ከተደነገገ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ባለቤቱ ጥፋት አልሠራሁም፣ የአደጋው ምክንያት አልታወቀም ወይም ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው በማለት ከኃላፊነት አይድንም። ሊከራከር የሚችለው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ መሆኑን በማስረዳት ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ተጎጂው ጠንካራ መብት አለው ማለት ይቻላል። ችግሩ ያለው መብቱን ወደ ገንዘብ በሚለውጡት ማስረጃዎች ዘንድ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን፣ የሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ፣ ቋሚ ጉዳት ሲኖር ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ የሚገልጸው የጉዳት መጠን ያስፈልጋሉ። አብዛኞቹ የሚወጡት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ሁሉ ይቆማል፤ የሕጉ ይርጋ ግን አይቆምም። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ያ ጊዜ ተፈጻሚ እንደሚሆን ቢደነገግም፣ በዚህ ተማምኖ መዘግየት ተጎጂውን ለተጨማሪ ክርክር ይዳርገዋል።

ብዙዎች የሹፌሩ የወንጀል ጉዳይ እስኪያበቃ ድረስ ይጠብቃሉ። ይህ አስፈላጊ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነጻ መለቀቅ ውሳኔ አይገደድም። የወንጀል ሕጉም ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል፤ ይህን ለተጎጂው ቀድሞ የሚነግረው ሰው ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ በሐኪም ቤት አልጋ አጠገብ የሚፈረመው ስምምነት ነው። ለአብነት ያህል፣ አንድ የቀን ሠራተኛ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ የመኪናው ባለቤት የሕክምና ወጪውን ሸፍኖ "ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም" የሚል ወረቀት በሽማግሌዎች ፊት ቢያስፈርመው፣ የእርቅ ስምምነት በሕጉ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። እግሩ ዳግመኛ ሸክም እንደማይችል የሚታወቀው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሽምግልና የሚያስመሰግን ባህል ቢሆንም፣ የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ የሚደረግ እርቅ ሚዛኑን የጠበቀ ሊባል አይችልም።

የሦስተኛ ወገን መድንን በተመለከተም የተሳሳተ ግንዛቤ ይታያል። በ2000 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 559 የተጀመረው አስገዳጅ መድን በ2005 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ጣሪያው ግን የመድን ሰጪውን ግዴታ እንጂ የባለቤቱን ኃላፊነት አይወስንም። የጠፋ ገቢን ጨምሮ ጉዳቱ ከመድኑ ሲበልጥ ቀሪው ከባለቤቱ ይጠየቃል።

ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ግን ዛሬም በአንቀጽ 2116 በተወሰነው 1 ሺህ ብር ላይ እንዳለ ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን ይህ ገንዘብ ምን ይገዛ እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ገጭቶ በሸሸ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዱ ወገኖች የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። የሸሸው መኪና ሰሌዳ ባልታወቀበት ሁኔታ አደጋው በእርግጥ መድረሱን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በዕለቱ የተመዘገበው የፖሊስ ሪፖርት ነው። ተጎጂው ራሱን ስቶ ሆስፒታል በገባበት ሰዓት ያ መዝገብ የሚከፈተው በተረኛው ፖሊስ ትጋት ብቻ ነው።