ቅርስም ጎረቤት ይሻል



ውድ አንባብያን! በዚህ ወር ዓምዳችን ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ተራሮች እንሄዳለን። የምናነሳው ጉዳይ ግን በደሴም፣ በሐረርም፣ በአዲስ አበባም ያለውን ቤተሰብ ሁሉ የሚመለከት ነው። ጥያቄያችን አጭር ናት፦ ቅርስን የሚጠብቀው ማን ነው? አጥሩ ነው? ዘበኛው ነው? ወይስ አጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ?

«ቅርስ» የሚለው ቃል ሲነሳ ለብዙ ወጣት የሚታየው ሩቅ ቦታ ያለ፣ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት፣ እንግዳ መጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ነገር ነው። በአያቱ ሣጥን ውስጥ ያለው በእጅ የተጻፈ ኪታብ፣ አባቱ በልጅነቱ ቁርኣን የቀራበት የእንጨት ሉሕ፣ ከመንደሩ በታች ባለው ቆላ የቆመው የዕጣን ዛፍ ቅርስ መሆናቸው አይታየውም። ያልታየ ነገር ደግሞ ሲጠፋም አይታይም። የምንፈራው ይህንን ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአዋጁ ዓመት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰቆጣ ምን አላት?

ሰቆጣ ተራ የገበያ ከተማ አይደለችም። ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንደሚመዘዙ የሚነገርላቸው የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች። ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1868 እስከ 1871 ኢትዮጵያን ገዝተዋል። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በ1937 ከጣሊያን ወራሪ ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ የሚወጣው ጨው ከሚራገፍባቸው ገበያዎች አንዷም ሰቆጣ ነበረች። አሞሌ ጨው ለምግብ ብቻ ሳይሆን በገንዘብ ፋንታም ያገለግል እንደነበር እናውቃለን። በአገራችን የሩቅ ንግድ ታሪክ ውስጥ የሙስሊም ነጋዴው ድርሻ ትልቅ ነው፤ የጨውን መንገድ ታሪክ የሚያጠና ሙስሊም ወጣት የራሱን አያቶች ፈለግም ያገኝበታል።

የአገሬው ቋንቋ ኽምጣኛ ነው። የተራራው፣ የምንጩ፣ የዛፉና የአውሬው ስም በዚህ ቋንቋ ተቀምጧል። ሽማግሌው ሳይጠየቅ ሲሞት ስሙም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ የሰቆጣ ቅርስ ግንብና ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በሰዎች አፍ፣ በቤት ዕቃና በዱሩ ውስጥ የተበተነ ነው።

ቤቱ የተከፈተ እንደሆነ

የአንድ የቀድሞ ባላባት ወይም ነጋዴ ቤት ሙዚየም ሆነ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚደረገው ዕቃው በመስተዋት ውስጥ ተደርድሮ በሩ መዘጋቱ ነው። የሐረሩ ምሳሌ ከዚህ ይለያል። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሐረሪዎችን አሮጌ ዕቃ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና በእጅ የተጻፉ ኪታቦች መሰብሰብ የጀመሩት በራሳቸው መኖሪያ ቤት ነው። ስብስቡ ሲበዛ የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ ወደሚታወቀው አሮጌ ሕንፃ ተዛወረ። ትልቁ ቁም ነገር ግን መሰብሰባቸው ብቻ አልነበረም። የተበጣጠሱትን ኪታቦች ለማዳን ሲሉ ተዳክሞ የነበረውን የሐረር የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ተምረው መልሰው ሠሩበት። ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን ሙያ የሚሠራበት ቦታም ሆነ። ሕዝቡም አደራውን አምኖ ከየሣጥኑ እያወጣ ሰጠ። የሐረር ጁገል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተማዋ ለዓለም የምታሳየው ግንቧን ብቻ አልነበረም።

ወደ ወሎ እንመለስ። የደሴ ሙዚየም የሚገኘው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። በ2021 ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ይህ ሙዚየም ተዘረፈ። በዚያው ጦርነት ዋግ ኽምራም ተጎድቷል፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተፈናቅሏል። የሚሸሽ ሰው ልጁን አዝሎ ይወጣል እንጂ ሣጥን ተሸክሞ አይወጣም። በዚያ ሁኔታ ከየቤቱ ምን እንደጠፋ ማን ይቆጥረዋል? የሙዚየም ዕቃ ቢያንስ መዝገብ አለው። መዝገብ የሌለው የቤት ኪታብ ግን ቢጠፋ «ይህ ጠፍቶብናል» ብሎ ለማመልከት እንኳ ማስረጃ አይገኝለትም።

ከሁለቱ ቤቶች የምንማረው ይህንን ነው፦ ቁልፍ ብቻውን ቅርስ አያድንም። የጎረቤቱ ልጅ ገብቶ የሚማርበት፣ እናቶች ስለ ዕቃው አሠራር የሚያስረዱበት፣ ሽማግሌ የሚተርክበት ቤት ብዙ ጠባቂ አለው። በሰቆጣም ሆነ በሌላ ከተማ አንድ አሮጌ ቤት ለሕዝብ ሲከፈት መጠየቅ ያለበት «ስንት ጎብኚ መጣ?» ብቻ አይደለም፤ «የሠፈሩ ልጆች በሳምንት ስንት ቀን ይገቡበታል?» የሚለውም ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባል የለ! የዋግን ታሪክ ለዋግ ልጅ ማስተማር ያለበት በቅድሚያ የዋግ ሰው ነው።

ተራራውስ?

ከዋግ ምድር ተከዜን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው የሰሜን ተራሮችን ያያል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ደግሞ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ገባ። ዋልያ በምድር ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። በ1996 የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ እርሻና ግጦሽ መስፋፋቱ፣ መንገድ ማቋረጡ ተደማምሮ ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው።

ለመውጣቱ ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር መነሳቱ ነው። የግጭ ነዋሪዎች በአብዛኛው ሙስሊም ገበሬዎች ነበሩ። ከ400 በላይ ቤተሰቦች እስከ 2016 ድረስ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ሣሩ አገገመ፤ ለአውሬውም ስፍራ ተገኘ። ይህ እውነት ነው። ገብስ ሲያርስና በግ ሲያረባ ለኖረ ገበሬ ግን የከተማ ኑሮ ቀላል አይደለም፤ ካሣ ያልቃል፣ ሙያ ግን በአንድ ቀን አይገኝም። ይህም እውነት ነው። አንዱን እውነት ይዞ ሌላውን መጣል ፍርድን ያዛባል። ከጦርነቱ ዓመታት ወዲህ የዋልያ ቁጥር ዳግም ማሽቆልቆሉ ደግሞ የሚያስተምረን አለ፤ ነዋሪን ማንሳት ብቻውን ለዱር እንስሳ ዋስትና አይሆንም።

ታዲያ ተራራውም ይጠበቅ፣ ድኻውም ይኑር የሚባልበት መንገድ አለ? በኢስላም ታሪክ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ዙሪያ ያለውን ምድር የተከበረ አድርገው ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬውም እንዳይታደን ከልክለዋል። ለጋራ ጥቅም የሚከለል ግጦሽ «ሒማ» ይባላል። በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ለሒማው ጠባቂ የተሰጠው ትእዛዝ በቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው አስገባ፣ የባለጸጎቹን መንጋ ግን ተጠንቀቅ ብለው አዘዙት። እነ ዑስማንና ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን የመሰሉ ታላላቅ ሶሐቦችን በስም ጠቅሰው ነው ይህን ያሉት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ የባለጸጋ ከብት ቢያልቅ ተምርና እርሻ አለው፤ የድኻው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ደጃቸው ይመጣል።

አስተውሉ! ምድሩ ተከለለ፣ ጠባቂ ተቀመጠለት፣ ክልከላው ግን በድኻው ላይ አልከበደም። ዛሬ የፓርክ ሊቃውንት በብዙ ጉባኤ የሚፈልጉት ሚዛን ይኸው ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በመንዝ የጓሳን ሣር ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈትና ለቤት ክዳን ይታጨዳል። ሥርዓቱ በ1975 የመሬት አዋጅ ከተዳከመ በኋላ በሌላ መልክ እንደገና ተቋቁሟል፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ። የጓሳ ጠባቂ ሣሩን የሚፈልገው ገበሬ ራሱ ነው።

የዋግ ዕጣን

አሁን ወደ ዋግ ኽምራ ቆላዎች እንውረድ። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳሃላ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ዕጣኑ በክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ይጤሳል፤ በሙስሊሙ ቤት በሐድራውና በመውሊዱ ይጤሳል፤ በሁለቱም ቤት ቡና ሲፈላ ይጤሳል። ግንዱ በስለት ሲላጥ ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫው ሲደርቅ ይለቀማል። ነገር ግን ዛፉ ዕረፍት ሳያገኝ በየዓመቱ ብዙ ቦታ ከተላጠ ይደክማል፣ ተባይም ይበላዋል፣ ዘሩም ያንሳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የበቀለው ችግኝ በከብት ተረግጦና ተግጦ፣ በሰደድ እሳት ተቃጥሎ ወደ ዛፍነት አለመድረሱ ነው። ቆመው የምናያቸው አብዛኞቹ ዛፎች ያረጁ ናቸው፤ ተተኪ የላቸውም። በ2019 የታተመ ጥናት በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል።

ቆላው ምናልባት የፓርክ ስም ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም ለዋግ ልጅ ከየትኛውም ፓርክ ያላነሰ ቅርስ ነው። መፍትሔውም የማይታወቅ አይደለም፦ የላጣውን ቁጥር መቀነስ፣ ዛፉን በየተራ ማሳረፍ፣ የተወሰነውን ቦታ ከከብት ከልሎ ችግኙን ማሳደግ። ይህን ለማድረግ ግን ከዕጣኑ የሚገኘው ገንዘብ ዛፉ አጠገብ ለሚኖረው ቤተሰብ መድረስ አለበት። ጥቅሙን ነጋዴ ወስዶ ጥበቃውን ለድኻ መተው የሒማውን ሥርዓት መገልበጥ ነው።

ከየቤታችን ምን ይጠበቃል?

ወላጆች ሆይ! ቅርስ የመንግሥት ሥራ ነው ብላችሁ አትተዉት። በዚህ ወር የሚከተሉትን እንድታደርጉ አደራ እንላለን።

አንደኛ፦ የቤታችሁን አሮጌ ነገር ከልጆቻችሁ ጋር ቁጠሩ። ኪታቡን፣ ሉሑን፣ የመስገጃውን ቆዳ፣ ጀበናውን፣ የጨው መመዘኛውን በደብተር መዝግቡ። የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ ጻፉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ፎቶውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ፤ አንዱ ቤት ቢጠፋ በሌላው ይገኛል።

ሁለተኛ፦ በእጅ የተጻፈ ኪታብ ለመንገደኛ ገዢ አትሽጡ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተከለከለ ነው። ከሕጉም በላይ፣ የዛሬው ዋጋ በአንድ ወር ያልቃል፤ የልጅ ልጆቻችሁ ግን የአያታቸውን የእጅ ጽሑፍ መልሰው አያገኙትም።

ሦስተኛ፦ ወጣቶች! አያቶቻችሁን ጠይቁ። ኽምጣኛ የሚናገር ሽማግሌ ካለ የተራራውን፣ የምንጩንና የዛፉን ስም አስነግራችሁ ቅዱ። የጨው ነጋዴ ልጅ ከተገኘ መንገዱ በየት እንደነበር፣ ማደሪያው የት እንደነበር ጠይቁ። ሙስሊሙን ብቻ ሳይሆን ክርስቲያኑንም ጎረቤት ጠይቁ፤ የገበያው ታሪክ የሁለቱም ነውና።

አራተኛ፦ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በመስጊዳችሁ ቅጥር ግቢ በዓመት አንድ ቀን የቤት ዕቃችሁን አውጥታችሁ አሳዩ። እናቶች አሠራሩን ያስረዱ፤ ሕፃናት ይንኩት፣ ይጠይቁ። ይህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

አምስተኛ፦ ችግኝ ተክላችሁ አትሂዱ፤ አሳድጉት። ሙስሊም የተከለው ዛፍ ሰውም ወፍም እንስሳም በበላበት ቁጥር ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የደረቀ ችግኝን ግን ማን ይበላለታል?

ውድ አንባብያን! ቤቱም ተራራውም በእጃችን ያሉ አደራዎች ናቸው። አደራ የተቀበለ ሰው ባለቤቱ ሲመጣ ይጠየቃል። ከእኛ በፊት የነበሩት በድርቅም በጦርነትም አሳልፈው ለእኛ አድርሰውታል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ሲጠይቁን ደብተሩን ከፍተን፣ ዛፉን አሳይተን «ይኸውላችሁ» ለማለት ያብቃን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።