ዋስ ያጣ መሐንዲስ



ውድ የጀመዓችን አባላት፣ በተለይ ዘንድሮ የምንመረቅ ወንድሞችና እህቶች! ከመግሪብ በኋላ ተሰባስበን የሥራ ነገር ሲነሳ ወሬያችን ሁለት ጫፍ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ጎግል ወይም ማይክሮሶፍት ገብቶ አሜሪካ ስለ መኖር ነው። ሌላው «ሰው የሌለው የትም አይገባም» ብሎ ሳይሞክሩ መቀመጥ ነው። እዚሁ አገራችን ባሉ ትልልቅ ድርጅቶች የአይቲ ክፍል ገብቶ ከታች ስለ መጀመር ሲወራ ግን አልሰማሁም። በዚህ ላይ የምለው አለኝ።

እነዚህ ድርጅቶች እነማን ናቸው? ኢትዮ ቴሌኮም አለ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ2003 ቢሆንም የስልክ ሥራው ከአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ ነው፤ ዛሬ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያገለግላል። በግንቦት 2013 የጀመረው ቴሌብር ደግሞ ቴሌኮሙን ገንዘብ አንቀሳቃሽም አድርጎታል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃዱን ይዞ በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀመረ፤ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው ኤምፔሳን አስከተለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ሌሎቹ ባንኮች፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም አሉ። ሁሉም ሲስተማቸው አንድ ሰዓት ቢቆም አገር የሚጮህባቸው ናቸው።

እዚያ የገባ ጀማሪ ምን ይሠራል? እናቴ «ባንክ ገባ» ሲባል ብር መቁጠር ይመስላታል። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮድ መጻፍ ይመስለናል። ቀድመውን የተመረቁ ወንድሞች የሚነግሩን ሌላ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ስክሪን መጠበቅ፣ ከቅርንጫፍ የሚመጣ አቤቱታ መመዝገብ፣ የወደቀ ሰርቨር ማስነሳት፣ የተቆለፈ የይለፍ ቃል መክፈት ነው። ምክንያቱም ዋናው ሶፍትዌር እዚህ የተጻፈ አይደለም። የንግድ ባንክ ዋና ሲስተም ቴሜኖስ ከሚባል የስዊዘርላንድ ኩባንያ የተገዛ ነው፤ የቴሌኮሙ መሣሪያ አብዛኛው የሁዋዌና የዜድቲኢ ነው። የእኛ ሰው ሥራ ማስተካከል፣ መጠበቅ፣ ከሌላ ሲስተም ጋር ማገናኘት ነው።

ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማርኩት?» ይላሉ። ሐሪማ የቀራችሁ ግን ነገሩ አይገርማችሁም። ማንም ደረሳ ገብቶ በተፍሲር አይጀምርም። ለውህ ላይ ጽፎ ያጠፋል፣ ደግሞ ይጽፋል። ፊቅሁን ይዞ ነህውና ሰርፍ ላይ ዓመታት ይቆያል። ከየጁው ዳና ጀምሮ በወሎ ስማቸው የሚጠራ የቂርአት ቦታዎች ሁሉ እንዲህ ነው ሰው ያወጡት። ደረሳው እየቀራ ከሱ በታች ያለውን ያስቀራል፤ ያስቀራው ኪታብ ደግሞ ከቀራው ይበልጥ ይገባዋል። በአይቲ ክፍልም ሁለት ዓመት የቅርንጫፍ አቤቱታ የመለሰ ልጅ ሲስተሙ የት የት እንደሚታመም ያውቃል። ብልሽቱንና መፍትሔውን እየጻፈ ለሚቀጥለው ተረኛ ካቆየ ደግሞ አለቆቹ ስሙን ለማወቅ ብዙ አይቆዩም። ከዚያ በኋላ ነው ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ ወይም የሳይበር ደህንነት ብሎ መንገድ መምረጥ የሚመጣው።

ስለ ሰርተፍኬት ብዙ አልልም። በ2016 መጨረሻ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ስለሆነ ውሰዱት። ግን ሁሉም የያዘው ወረቀት አንዱን ከሌላው አይለይም። ኤስኪውኤልና ሊኑክስ በእጃችሁ የገቡ ይሁኑ፤ እንግሊዝኛችሁም ቴክኒካዊ ሪፖርት ለመጻፍ የሚበቃ ይሁን። ከአምባሰል ገጠር ለመጣ ልጅ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ለዕረፍት ቤታችን የገባን ልጆች ቀድመን ያወረድነውን ፒዲኤፍ በፍላሽ እየተቀባበልን ነው የተማርነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። መጋቢት 7 ቀን 2016፣ ረመዷን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰዎች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሌሊቱን ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነው አለ። የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ካወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል።

ይህን የማነሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሙያ ነው። በትልቅ ድርጅት ውስጥ አንዲት ለውጥ ሲስተም ላይ ከመጫኗ በፊት ለብቻው በተዘጋጀ ቦታ ትሞከራለች፣ ሌላ ሰው ያያታል፣ ከተበላሸ ወደ ነበረበት የመመለሻ መንገድ ይዘጋጃል። ይህ ሥርዓት ለጀማሪ አሰልቺ ቢሮክራሲ ይመስላል። ያቺን ሌሊት ያስታወሰ ግን አይሰለቸውም።

ሁለተኛው አማና ነው። ያን ሌሊት ገንዘቡን ያወጣ ልጅ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሆነ፣ ነገ የሚያመለክተው እነዚሁ ድርጅቶች ዘንድ ነው። የሰው ሂሳብ የሚታይበት ስክሪን ፊት ሊቀመጥ ነው። ማን ዋስ ይሆነዋል?

ዋስ ያልኩት ለምሳሌ አይደለም። ብዙ ባንኮችና ድርጅቶች አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ተያዥ ይጠይቃሉ፤ ደመወዝተኛ የሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው። ፈተናውን በብቃት ያለፈ የገበሬ ልጅ እዚህ ላይ ይቀራል። አባቱ በሬና መሬት አላቸው፤ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ግን የላቸውም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቢኖር እንኳ ቀድሞ ለሌላ ልጅ ፈርሞ ይሆናል። በእኔ እምነት ከእኛ አካባቢ ልጆችን ከትልልቅ ድርጅቶች የሚያስቀረው ከውጤት ይልቅ ይህ ነው። «ሰው የሌለው አይገባም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ የጎደለው «ሰው» ግን ባለሥልጣን ሳይሆን አንድ ደመወዝተኛ ነው። እሱን ደግሞ ጀመዓ ሊያገኝ ይችላል።

ስለ ወለድ የሚጠይቁ ወንድሞች ብዙ ናቸው። በመደበኛ ባንክ የአይቲ ሥራ ይፈቀዳል ወይ? እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ዑለማዎች ከወለድ ውሉ ጋር ያለውን ቅርበት እያዩ የተለያየ መልስ ሲሰጡ ሰምቻለሁ። የምለው አንድ ነው፤ ጥያቄውን ከመፈረማችሁ በፊት ለምታምኑት ዓሊም አቅርቡ። ፈርሞ፣ ሦስት ወር በልቶ፣ ከዚያ መጨነቅ ለራስም ለድርጅቱም አይበጅም። አማራጩም እንደ ድሮው ጠባብ አይደለም። ዘምዘም በ2013 የመጀመሪያው ሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ፣ ሸበሌና ራሚስም አሉ። ቴሌኮሞቹ፣ አየር መንገዱና የመብራት ተቋማቱም አሉ።

የውጫሌ ልጅ ስለሆንኩ ስለ ውል አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም። በከተማችን ስም የሚጠራው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ሲፈረም አንቀጽ 17 በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይል ነበር። በአማርኛው ምኒልክ ለውጭ ጉዳያቸው በኢጣሊያ በኩል መጠቀም ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ይህን ለማድረግ ተስማምተዋል። ነገሩ ዓድዋ ድረስ አደረሰ። የሥራ ውላችሁም በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአማርኛ በአፍ ሊነገራችሁ ይችላል። ሥልጠና ከወሰዳችሁ ስንት ዓመት እንደምታገለግሉ፣ ብትለቁ ምን ያህል እንደምትከፍሉ ራሳችሁ አንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ስለሚችሉ መምህራኖቻችሁን ቶሎ አትሰናበቱ።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጀመዓችን በየዓመቱ ለተመራቂዎች ሽኝት ያደርጋል፤ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ እንጠፋፋለን። ከዘንድሮ ጀምሮ አዲስ አበባ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የሚሠሩ የቀድሞ አባሎቻችን ዝርዝር ይያዝ። ለፈተና ለሚመጣ ልጅ ሁለት ሌሊት የሚያሳድር ማን ነው? ዋስ ለመሆን የሚፈቅድስ? ዋስ የሚሆነው ሰው ዕዳ ሊመጣበት ስለሚችል (በፊቅህ የቀራነው ከፋላ ማለት ይኸው ነው) ሹራችን ልጁን አውቆ፣ ጠባዩን መስክሮ ነው መላክ ያለበት፤ ለማንም ደብዳቤ ማደል የለበትም። በእህቶች በኩል የሌሊት ተረኛነትና የማደሪያ ጉዳይ ከእኛ ይከብዳል፤ እሱን የእህቶች ክፍል ራሱ ቢያቀርበው ይሻላል፤ እኛ ገምተን ባንወስንላቸው።

ዝርዝሩን ለመጀመር እኔና ሁለት የኤሌክትሪካል ወንድሞች ተስማምተናል። የተመረቀ ወንድም ወይም እህት ያለው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጂዱ በር በስተግራ ደብተር ይዘን እንቆማለንና፣ ስልካቸውን ከመስጠቱ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቆ ይምጣ።