የልጅ ስም በወላጅ እጅ

ባለፈው የገና ሰሞን ከአሜሪካ አገር ለዘመድ ጥየቃ የመጣ አንድ የቆየ ወዳጃችን ቤታችን ድረስ መጥቶ ጠይቆን ነበር። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጨዋታው ወደ ልጆች ዞረና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጁ ጂምናስቲክ ስትሠራ የሚያሳየውን ቪዲዮ ከስልኩ አውጥቶ አሳየን። ልጂቱ በጠባብ እንጨት ላይ ቆማ እንደ ላባ ቀልላ ስትገለበጥ አይተን አደነቅን። ቪዲዮው የወጣው በስሟ በተከፈተ የኢንስታግራም ገጽ ላይ ነው። ከስሟና ከምትኖርበት ከተማ ስም ቀጥሎ «በወላጅ የሚመራ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ተከታዮቿ ከዘጠኝ ሺህ ይበልጣሉ። ወዳጃችን ይህን ቁጥር የነገረን ደረቱን ነፍቶ ነው፤ እኛም «እግዚአብሔር ያሳድግልህ» ብለን መረቅነው።

ስልኩን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ። ወደ አገሩ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሳምንት ልጂቱ «አባዬ፣ ጂምናስቲኩን ብተወው ገጹ ምን ይሆናል?» ብላ ጠይቃው ኖሯል። «መልስ አጣሁላት» አለን። እኛም በዚያች ሰዓት የምንለው አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው የልጂቱ ጥያቄ ነው።

የጉዳዩን አመጣጥ ለማያውቁት አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንንገር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአገራችን ሕግ ከወጣበት ዓመት በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ1998 ወጥቶ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካ ሕግ፣ 13 ዓመት ካልሞላው ልጅ የግል መረጃን ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ይከለክላል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ያለውን አንቀበልም ይላሉ። ኢንስታግራም ግን ገጹን ወላጅ ከያዘውና መያዙንም በግልጽ ከጻፈ፣ የሕፃኑ ስምና መልክ እንዲወጣበት ይፈቅዳል። በሩ የተከፈተው በዚህ በኩል ነው።

በበሩ እንዲገቡ የሚገፋፋው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ አገር የኮሌጅ ስፖርተኛ ከስሙና ከመልኩ ገንዘብ እንዳያገኝ ለብዙ ዘመን ተከልክሎ ከኖረ በኋላ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተፈቀደለት። ቀጥሎም አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ፈቀዱ። ነጋዴው የሚከፍለው ደግሞ ለሜዳሊያ ብቻ አይደለም፤ ለተመልካች ብዛት ነው። ኦሊቪያ ደን የምትባል የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ ጂምናስቲከኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሳትይዝ ሚሊዮን ተከታዮች ስላሏት ብቻ እጅግ ከሚከፈላቸው የኮሌጅ ስፖርተኞች አንዷ ሆና ነበር። በ2023 ጃንዋሪ በዩታ በተደረገ ውድድር ላይ እርስዋን ለማየት የተሰበሰቡ ጎረምሶች ሁከት ስላስነሡ ዩኒቨርሲቲው ለቡድኑ ተጨማሪ ጠባቂ ለመመደብ ተገዷል። ያን ጊዜ እርስዋ የሃያ ዓመት ሰው ነበረች። የዐሥር ዓመት ልጅ ያለው አባት ግን ከዚህ ታሪክ የሚያነበው ጠባቂውን ሳይሆን ክፍያውን ነው። ጊዜው ሲደርስ ተከታዩ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ከአሁኑ ልጀምርላት ይላል።

ቢሆንም ወላጁን ለመውቀስ አንቸኩል። በአሜሪካ ልጅን በስፖርት ማሳደግ ገንዘብ ይበላል። የአሠልጣኙ ክፍያ፣ የልብሱ፣ የጉዞው፣ የሆቴሉ ወጪ ለደመወዝተኛ ሰው ቀላል አይደለም። አንድ የልብስ ኩባንያ ትጥቅ በነጻ ልላክ ሲል እምቢ የሚል አባት ጥቂት ነው። ደግሞስ ሕፃኒቱን ብቻዋን ወደዚያ ገበያ ከመስደድ አባቷ ቁልፉን ቢይዝ አይሻልምን? ይሻላል እንጂ። ከቁልፉ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ቁልፍ የሚያዝ ለመክፈት ብቻ ሳይሆን ለመዝጋትም መሆኑ ሲረሳ ነው።

ሲረሳ ምን እንደሚመጣ ታይቷል። በ2024 ፌብሩዋሪ ወር ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ፣ ወላጆች ለሴት ልጆቻቸው የሚመሯቸውን በሺህ የሚቆጠሩ የኢንስታግራም ገጾች መርምሮ ያወጣው ጽሑፍ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ከልጆቹ ብዙዎቹ በዳንስ፣ በጂምናስቲክና ይህን በመሰለው ሥራ የተሰማሩ ናቸው። ከተከታዮቻቸው መካከል የገዛ ልጆቻቸው እኩዮች የሆኑትን ሕፃናት በክፉ ዓይን የሚመለከቱ ጎልማሶች በብዛት ተገኝተዋል። የተከታዩ ቁጥር እያደገ በሄደ መጠን የወንዶቹ ድርሻም አብሮ ያድግ ነበር። አንዳንድ ወላጆች ለማያውቁት ሰው ተጨማሪ ፎቶግራፍ፣ ይባስ ብሎም ልጂቱ ለብሳ የሠራችበትን የልምምድ ልብስ ይሸጡ ነበር። ሌሎች ደግሞ ክፉዎቹን እየለዩ ሲያግዱ ብዙ ሰዓት ያጠፉ ነበር። ዛሬ ያገዱት ነገ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል።

እኛን እጅግ ያሳዘነን የክፉዎቹ ሰዎች መኖር አይደለም፤ ክፉ ሰው መቼም አይታጣም። ያሳዘነን ሲያግዱ የሚውሉት ወላጆች ነገር ነው። አደጋውን ያውቃሉ፤ በዓይናቸው ያያሉ፤ ገጹን ግን አይዘጉም። ለምን ቢባል፣ ብዙ ዓመት የተለፋበት ነው፣ ኩባንያው ውል ገብቷል፣ ልጂቱም ለምዳዋለች ይላሉ። አንድ ገበሬ ጅብ የለመደውን በረት በየሌሊቱ በዱላ ሲጠብቅ ከሚያድር ከብቶቹን ወደ ሌላ ቢያዛውር ይቀለዋል። እነዚህ ወላጆች ግን በረቱን ትተው ለመሄድ አልቻሉም፤ በረቱ ገቢ አለውና።

የወላጅ ፍቅርና የወላጅ ጥቅም በአንድ ኪስ ሲገቡ የሚሆነውን አሜሪካኖች ቀደም ብለው በሲኒማ ዓይተውታል። ጃኪ ኩገን የተባለው ልጅ በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በሠራው ፊልም በዓለም ስሙ የተጠራ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያስገባ ሕፃን ነበር። አድጎ ገንዘቤን ቢል እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን አጥፍተውት ቆዩት። በ1938 ፍርድ ቤት ከሰሳቸው፤ ከክርክሩ በኋላ እጁ የገባው 126,000 ዶላር ያህል ብቻ ሆነ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በዚህ ምክንያት በ1939 የሕፃናት ተዋንያንን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ሕጉ ግን ቀዳዳ ስለነበረበት ከሕፃኑ ገቢ ከመቶ 15 በስሙ ተቀማጭ እንዲሆን በጠቅላላው የታዘዘው ከ2000 ጀምሮ ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን ስድሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አሁንም በዚያው መንገድ እየተሄደ ነው። ፈረንሳይ በ2020 ከ16 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ምስል የሚደረገውን የቪዲዮ ንግድ የሚገዛ ሕግ አወጣች። ኢሊኖይ ከጁላይ 2024 ጀምሮ፣ ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በወላጆቻቸው ቪዲዮ ለሚቀርቡ ልጆች ከገቢው ድርሻ እንዲቀመጥላቸው አዘዙ። ሚኒሶታም ከጁላይ 2025 ጀምሮ 14 ዓመት ያልሞላው ልጅ በዚህ ሥራ እንዳይሠራ ከለከለች። የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታም በ2025 አጋማሽ በትልልቅ ሰዎች ተይዘው ልጆችን የሚያሳዩ ገጾች ላይ የመልእክት ቁጥጥሩን እንደሚያጠብቅ አስታወቀ። መልካም ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሕጎች አብዛኞቹ የሚጠብቁት ገንዘቡን ነው። የወዳጃችን ልጅ የጠየቀችው ግን ስለ ገንዘብ አልነበረም። ብተወውስ ነው ያለችው።

ልጅነት የመሞከሪያ ዘመን ነው። በስምንት ዓመቱ ኳስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያለ ልጅ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሩጫ ይወዳል፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ ደግሞ ሁለቱንም ጥሎ ከመጽሐፍ ጋር ይዋደዳል። እኛ ልጆች ሳለን በጨርቅ ኳስ በረኛ ሆነን ጀምረን፣ ስንት ጎል እንደገባብን ዛሬ የሚያስታውስ አንድም ምስክር ሳይኖር ትተነው ወጣን። (ካለም ዝም ይበልልን።) ያ የመተው ነጻነት እንዴት ያለ ሀብት እንደነበረ የገባን ዛሬ ነው። ዘጠኝ ሺህ ሰው የሚያያት ልጅ ግን ሙከራዋ ቃል ኪዳን ይሆንባታል። ጧት ስትነሣ እርስዋ ጂምናስቲከኛዋ ናት፤ የምትመጣው ዓመትም የምትታወቀው በዚያው ነው። ገጹን ማን እንደሚመራው ስለምታውቅ መተዋን የምትነግረው ለአሠልጣኟ ብቻ አይደለም፤ የገጹ ሥራ አስኪያጅ ለሆነው ለገዛ አባቷ ነው። ደክሞኛል ብላ ልታለቅስበት የሚገባት ትከሻ የኩባንያው ወኪል ትከሻ ሆኖ ይቆያታል። አባትየው ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ፊቱ ላይ አንዲት የቅሬታ ጥላ ብታይ ይበቃታል፤ ልጆች የወላጅን ፊት ከመጽሐፍ ይልቅ አጥርተው ያነባሉ።

ከዚህ ላይ የስካይ ብራውን ነገር ትዝ ይለናል። አባቷ እንግሊዛዊ፣ እናቷ ጃፓናዊት የሆኑት ይህች የስኬትቦርድ ተወዳዳሪ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቪዲዮ የታወቀች ናት። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ13 ዓመቷ፣ በ2024ም በፓሪስ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። ከቶኪዮ ዓመት በፊት በ2020፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በልምምድ ላይ ከከፍታ ወድቃ የራስ ቅሏና እጅዋ ተሰብሮ ነበር። ያን ጊዜ የአወዳደቋ ቪዲዮ ወጣ፤ እርስዋም ከሆስፒታል አልጋ ሆና መውደቄን አብዛኛውን ጊዜ አላወጣም ነበር ስትል ተናገረች። ይህ ቃል ብዙ ነገር ያስረዳል። ገጽ የሚያውቀው የተሳካውን ነው። ልጅ በቀን ሃያ ጊዜ ወድቃ አንድ ጊዜ ስትቆም ለዓለም የሚወጣው የቆመችበት ነው። እያደር እርስዋም ራስዋን የምታውቀው በዚያች በአንዲቱ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሕግ የተማራችሁ ወጣት ሹማምንት ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ27ኛው አንቀጹ፣ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ መደንገጉን ታስታውሳላችሁ። ይህ የተጻፈው ፎቶግራፍ ለመነሣት ፒያሳ ወርዶ፣ ፀጉር አበጥሮ ከፎቶ ቤት ወንበር ላይ መቀመጥ በነበረበት ዘመን ነው። ምስል የባለቤቱ ነው የሚለው አሳብ ግን አላረጀም። ሕፃን ሲሆን አባት ስለ እርሱ ይፈቅዳል እንጂ ምስሉ የአባት ንብረት አይሆንም። የአደራ ዕቃ ነው። አደራ ተቀባይ ደግሞ በአደራው አይነግድም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ያስረክባል።

በእኛ አገር ቁልፉን የሚይዘው ብዙ ጊዜ አባት እንኳ አይደለም። አባት ስልኩን እንደልብ አያውቀውም። የያዘው ዩኒቨርሲቲ የገባው ታላቅ ወንድም ወይም ሥራ የያዘችው ታላቅ እኅት ነው፤ ማለት እናንተው ናችሁ። ታናሽ ወንድማችሁ በሰፈር ሜዳ ግብ ሲያገባ ቀርጻችሁ በቲክቶክ የምትለቁት፣ ከሥሩም የትምህርት ቤቱን ስምና የልምምዱን ሰዓት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ያን ሰዓትና ያን ስም ማን ያነበዋል ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሲያድግ የይለፍ ቃሉን መቼ እንደምታስረክቡት፣ ሁሉን አጥፋልኝ ቢልም ያለ ኩርፊያ ታጠፉለት እንደሆነ ከአሁኑ ለራሳችሁ ብትነግሩት አይከፋም።

ለወዳጃችን የሰጠነው ምክር ከዚህ የተለየ አልነበረም። ገጹን ለማያውቁት ሰዎች እንዲዘጋ፣ የከተማዋን ስም እንዲፍቅ ነገርነው፤ የመጀመሪያውን ሲያቅማማ ሁለተኛውን እዚያው ፊታችን ፋቀ። ከዚያ በኋላ አንድ ቪዲዮ ከማውጣቱ በፊት ልጂቱን እንዲጠይቃት፣ እምቢ ካለችም ለምን ሳይል እንዲተወው ቃል አስገባነው። ለጥያቄዋም «ብትተዪው ገጹን አብረን እንዘጋዋለን» ብሎ እንዲመልስላት ለመንነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከቨርጂኒያ ደወለልን። የተከታዩ ቁጥር ወደ ሁለት መቶ ወርዷል አለ፤ ድምፁ ትንሽ ቅር ብሎታል፤ እኛም አልደበቅንበትም፣ ደስ ብሎናል አልነው። ልጂቱ ጂምናስቲኩን እስካሁን አልተወችም። አራት ጊዜ ጠይቋት ሦስቱን ጊዜ እምቢ ብላዋለች። እሺ ያለችው አራተኛውን ብቻ ነው፤ እርሱም ከእንጨቱ ላይ ተንሸራትታ በቂጧ ቁጭ ስትልና ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ የሚያሳየው ነው።